የኦልድሃም ሴቶች

ኦልድሃም የጥጥ ከተማ ነበረች። በሰሜን እንግሊዝ ከማንችስተር አጠገብ ያለችው ይህች ከተማ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዓለም ከተሞች ሁሉ የበለጠ ጥጥ ትፈትል ነበር። በ1960ዎቹ መገባደጃ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፋብሪካዎቿ አንድ በአንድ እየተዘጉ ነበር። ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲም ሆነ የምርምር ተቋም አልነበራትም። የነበራት አንድ አጠቃላይ ሆስፒታልና፣ ሮይተን በሚባለው አካባቢ በዶክተር ኬርሾው ስም የተጠራች፣ ጥቂት አልጋዎች ያሏት ትንሽ ሆስፒታል ነበሩ። ከማኅፀን ውጭ ተፀንሶ የተወለደው የመጀመሪያው የሰው ልጅ የተገኘው በእነዚህ ሁለት ቤቶች ነው።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሁለት ወንዶች ታሪክ ሆኖ ነው፤ የሳይንቲስቱ የሮበርት ኤድዋርድስና የሐኪሙ የፓትሪክ ስቴፕቶ። ሁለቱም ክብር ይገባቸዋል። የኦልድሃምን መዝገብ ገልጦ ያየ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ያገኛል። ከ1969 እስከ 1978 ድረስ 282 ሴቶች ለዚህ ሙከራ ሰውነታቸውን ሰጥተዋል። ጽንስ ተገኝቶ ወደ ማኅፀን የተመለሰው 112 ጊዜ ነው። ያረገዙት 5 ሴቶች፣ ልጃቸውን የታቀፉት ደግሞ 2 ብቻ ናቸው። 280 ሴቶች ባዶ እጃቸውን ወደየቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ በዚህ መንገድ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ተወልደዋል፤ ዕውቀቱ የተገኘው በአብዛኛው ልጅ ካላገኙት ከእነዚህ ሴቶች ነው።

የሰው ልጅ እንዴት እንደሚፀነስ ያወቀው እጅግ ዘግይቶ ነው። የፀሐይ ግርዶሽ የሚውልበትን ቀን አስልቶ መናገር ከቻለ በኋላም እንኳ በገዛ አካሉ ውስጥ ስለሚሆነው ነገር በግምት ይኖር ነበር። አርስቶትል ሴቲቱ የምታዋጣው ጥሬ ዕቃውን ብቻ እንደሆነ፣ ቅርጽንና ሕይወትን የሚሰጠው ወንዱ እንደሆነ አስተማረ። ዘሩ የወንድ፣ ማሳው የሴት ሆነ። ከዚህ አስተሳሰብ የሚወጣው ፍርድም የታወቀ ነው፤ ቡቃያ ከጠፋ ጥፋቱ የማሳው ነው። በየአገሩ ልጅ ያልተገኘበት ትዳር ተከሳሽ ሚስቲቱ ነበረች። በእኛም አገር ዓይኗን በዓይኗ ሳታይ የቀረች ሴት ላይ የሚወርደውን ሽሙጥ፣ የሚመጣባትን ጣውንት፣ ከጸበል ጸበል መንከራተቷን የማያውቅ የለም። ባልየው ይመርመር የሚል ሐሳብ ለዘመናት ማንም ላይ አልመጣም።

በ1677 በሆላንድ የደልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ የነበረው አንቶኒ ቫን ሌዩዌንሁክ ራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር የወንድ ዘር ፈሳሽ ተመልክቶ ጅራታቸውን እያወናጨፉ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ነገሮች አየ። ይህ ግኝት ለጊዜው የአርስቶትልን ፍርድ አጠናከረው። በ1694 ሃርትሱከር የተባለ ሌላ ሆላንዳዊ በእያንዳንዱ የዘር ራስ ውስጥ ኩርምት ብሎ የተቀመጠ ትንሽ ሰው ሥሎ አሳተመ። አየሁት አላለም፤ እንዲህ መሆን አለበት ብሎ ነው። ሥዕሉ ግን የዘመኑን አእምሮ ያሳያል። ሰው ሙሉ ሆኖ ያለው በአባቱ ውስጥ ነው፤ እናት ማደሪያ ናት።

የሴቷን ዕንቁላል ለማየት ሌላ 150 ዓመት አለፈ። በ1827 ካርል ኧርንስት ፎን ቤር የተባለ ሊቅ የሥራ ባልደረባው ቤት የነበረችን ውሻ ከፍቶ ሲመረምር በዕንቁላል ማምረቻዋ ላይ አንዲት ቢጫ ነጥብ ተመለከተ። ነጥቧን አውጥቶ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲያያት መብረቅ እንደመታው ሰው ደንግጦ ወደ ኋላ እንዳፈገፈገ ራሱ ጽፏል። እንደገና ለማየት ድፍረት እስኪያገኝ ጥቂት ቆየ። ዘርና ዕንቁላል አንድ ሲሆኑ በትክክል የታየው ደግሞ በ1876 ነው። ኦስካር ሄርትቪግ በሜዲትራንያን ዳርቻ፣ ብርሃን በሚያሳልፈው በባሕር ጃርት ዕንቁላል ላይ ሁለቱ አስኳሎች ሲዋሐዱ ተመለከተ። ልጅ ከአባትም ከእናትም እኩል እንደሚገኝ የታወቀው፣ ባቡርና ቴሌግራፍ ከተፈለሰፉ በኋላ ነው።

ዕንቁላሉ መቼ እንደሚለቀቅ ደግሞ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ አልታወቀም። በአውሮፓ ብዙ ሐኪሞች ሴት የምትፀንሰው የወር አበባዋ በመጣበት ሰሞን ነው ብለው ያምኑ ነበር። በ1924 በጃፓን የኒጋታ ከተማ ሐኪም የነበረው ኪዩሳኩ ኦጊኖ ዕንቁላሉ የሚለቀቀው ከሚቀጥለው የወር አበባ ከ12 እስከ 16 ቀን አስቀድሞ መሆኑን አሳየ። ልጅ አጥተው ሐኪም ያማከሩ ስንትና ስንት ባልና ሚስት ሊፀነስ በማይችልበት ቀን ተስፋ ሲያደርጉ እንደኖሩ ማሰብ ልብ ይሰብራል።

ከኦልድሃም በፊት አንዲት ሴት አለች፤ እሷን ሳይጠሩ ማለፍ አይገባም። ሚርያም መንኪን በአሜሪካ በቦስተን አጠገብ የጆን ሮክ የላቦራቶሪ ረዳት ነበረች። ሮክ ከማኅፀን ውጭ ዘርና ዕንቁላልን ማገናኘት ይቻል እንደሆነ ለማወቅ ይፈልግ ነበር፤ በእጇ የምትሠራው ግን መንኪን ናት። በሌላ ምክንያት ቀዶ ጥገና ከሚደረግላቸው ሴቶች የሚወጣውን አካል ማክሰኞ ማክሰኞ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆማ ትቀበላለች፤ ዕንቁላል ትፈልጋለች፤ ረቡዕ የወንድ ዘር ትጨምርበታለች፤ ዓርብ በማይክሮስኮፕ ታያለች። እንዲህ እያለች ስድስት ዓመት ሞከረች። አንድም አልተሳካም።

በፌብሩዋሪ 1944 አንድ ሳምንት፣ ጨቅላ ልጇ ጥርስ እያወጣች ስታለቅስ ስላደረች መንኪን እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ወደ ሥራዋ ሄደች። በድካም የተነሣ ዘሩን እንደ ልማዷ ደጋግማ አላጠበችውም፤ መጠኑንም አበዛችው። ከዕንቁላሉ ጋር ለግማሽ ሰዓት ማቆየት ሲገባት ተቀምጣ አንድ ሰዓት አለፋት። ዓርብ ዕለት ስታየው ዕንቁላሉ ለሁለት ተከፍሏል። ከሰው አካል ውጭ የሰው ዘርና ዕንቁላል ሲዋሐዱ ያየች የመጀመሪያዋ ሰው ድካም የተጫናት እናት ነበረች። ውጤቱን ከሮክ ጋር በሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። ብዙም ሳይቆይ ባሏ ከሥራው ሲሰናበት ተከትላው ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት መሄድ ነበረባት። እዚያ ደግሞ ይህን ምርምር እንደ ነውር የሚያዩት ሆነው አገኘቻቸው። ሥራው ተቋረጠ።

ሮበርት ኤድዋርድስ በዮርክሻየር ከሠራተኛ ቤተሰብ የተወለደ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የነበረ፣ ኋላም በኤድንብራ የአይጦችን አፈጣጠር ያጠና ሰው ነው። እዚያ ባለቤቱ ሩት ፋውለር አብራው ሠራች። አዋቂ አይጦች በሆርሞን መርፌ በተፈለገው ሰዓት ብዙ ዕንቁላል እንዲለቁ ማድረግ እንደሚቻል አብረው አሳዩ። ይህ በኋላ ለሰው የተደረገው ነገር መነሻ ሆነ። ወደ ለንደን ሲመጣ የሰው ዕንቁላል ማግኘት ቸገረው። በር የከፈተችለት ሁለት ሴት ልጆቹን ያዋለደችው ሐኪም ሞሊ ሮዝ ነበረች፤ በምትሠራበት ሆስፒታል በቀዶ ጥገና ከሚወጣው አካል ትሰጠው ጀመር።

ከዚያ በፊት የተጻፈው ጥናት የሰው ዕንቁላል ከአካል ወጥቶ ለመብሰል 12 ሰዓት ያህል ይበቃዋል ይል ነበር። ኤድዋርድስ በ12 ሰዓት አየ፤ ምንም የለም። ደጋግሞ ሞከረ፤ ምንም። በመጨረሻ ዕንቁላሎቹን ሳይነካ ከአንድ ቀን በላይ ቢያቆያቸው ለውጥ ታየባቸው። የአይጥ ሰዓትና የሰው ሰዓት ለየቅል ነው። ለብዙ ዓመት መንገዱን ዘግቶ የነበረው አንድ የተሳሳተ ቁጥር ነበር። በ1969 ኤድዋርድስ፣ ተማሪ የነበረው ባሪ ባቪስተርና ስቴፕቶ የሰው ዕንቁላል በላቦራቶሪ ውስጥ መፀነሱን በኔቸር መጽሔት አስታወቁ።

ስቴፕቶ እዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው በመሣሪያው ነው። በጦርነቱ ጊዜ የባሕር ኃይል ሐኪም ሆኖ ኢጣልያ ውስጥ ምርኮኛ ነበር። ከ1951 ጀምሮ በኦልድሃም የሴቶች ሐኪም ሆኖ ተቀመጠ። ከፈረንሳይና ከጀርመን ሐኪሞች ላፓሮስኮፒን ተማረ። ላፓሮስኮፕ በእምብርት አጠገብ በሚበጣ ትንሽ ቀዳዳ ገብቶ የሆድን ውስጥ የሚያሳይ ባለ መብራት ቀጭን ቧንቧ ነው። የለንደን ታላላቅ ሐኪሞች እንደ መጫወቻ ናቁት። ኤድዋርድስ ግን ወዲያው ገባው። ሆድ ሳይቀደድ ዕንቁላል ማውጣት የሚቻለው በዚህ ነው። ሁለቱ በ1968 ተገናኙ።

በዚያው ዓመት ጂን ፐርዲ የምትባል የ23 ዓመት ነርስ ኤድዋርድስ ባወጣው የሥራ ማስታወቂያ ተወዳድራ እሱ በዚያን ጊዜ ይሠራበት በነበረው የካምብሪጅ ላቦራቶሪ ተቀጠረች። የሳይንስ ዲግሪ አልነበራትም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የሥራው ምሰሶ ነበረች። ስቴፕቶ ሆድ ውስጥ ያየውን የዕንቁላል ከረጢት በመርፌ ወግቶ ፈሳሹን ሲስብ፣ ቱቦው ሳይቀዘቅዝ ወደ ጎረቤቷ ጠባብ ክፍል ይተላለፋል። ፐርዲ ፈሳሹን በሳሕን ላይ ዘርግታ በማይክሮስኮፕ ትፈልጋለች። የምትፈልገው ነገር በዓይን ሲያዩት ከአቧራ ቅንጣት አይበልጥም። ካገኘች በኋላ የሚያድግበትን ፈሳሽ የምታዘጋጀው፣ ሙቀቱን የምትጠብቀው፣ ሌሊት እየተነሣች የምታየው፣ የታየውን ሁሉ በደብተር የምትመዘግበው እሷ ናት። ዛሬ ኤምብሪዮሎጂስት የሚባለው ሙያ በሰው ላይ ሲሠራ መልክ የያዘው በእጇ ነው። በ1974 እናቷ ታማ ልታስታምም በሄደች ጊዜ የኦልድሃም ሥራ አብሮ ቆመ። አንድ ሰው ስትጎድል የሚቆም ሥራ የማን እንደነበር መጠየቅ አያስፈልግም።

ከካምብሪጅ እስከ ኦልድሃም ከ250 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ኤድዋርድስና ፐርዲ አንዲት ሴት ዕንቁላሏ መድረሱ ሲነገራቸው ዕቃቸውን መኪና ላይ ጭነው በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ይነዳሉ፤ ለአሥር ዓመት ያህል እንዲህ ተመላለሱ። በኦልድሃም ደግሞ የቀዶ ጥገና ክፍሉ ኃላፊ ሙሪየል ሃሪስ ነርሶቿን አስተባብራ ትጠብቃቸዋለች። እነዚህ ነርሶች የመንግሥት ሥራቸውን ጨርሰው፣ በዕረፍት ሰዓታቸው፣ ያለ ክፍያ ነበር የሚቆሙት። ስማቸው በሳይንስ ጽሑፎች ላይ የለም።

ገንዘብም ሆነ ድጋፍ አልነበረም። በ1971 የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የኤድዋርድስንና የስቴፕቶን የድጋፍ ጥያቄ ውድቅ አደረገ። አንዱ ምክንያት ሙከራው በዝንጀሮ ዘመዶች ላይ በቅድሚያ ይደረግ የሚል ነበር። ሌላው የዘመኑ መንፈስ ነው። የሕዝብ ብዛት ዓለምን ያሰጋል በሚባልበት ጊዜ ልጅ ላጡት መድከም እንደ ቅንጦት ታየ። ልጅ ማጣትን ሕመም ብሎ ለመቀበል ብዙዎቹ ፈቃደኛ አልነበሩም። በዚያው ዓመት ዋሽንግተን ውስጥ በተደረገ ስብሰባ የዲ.ኤን.ኤ.ን ቅርጽ ካገኙት አንዱ የሆነው ጄምስ ዋትሰን ኤድዋርድስን ፊት ለፊት ገሠጸው፤ ጎዶሎ ሆነው የሚወለዱ ሕፃናትን መግደል ካልተፈቀደ በቀር ይህ ሥራ መቀጠል አይችልም ሲል ተከራከረ። ሥራው የቀጠለው አንዲት አሜሪካዊት ባለጸጋ፣ ሊሊያን ሊንከን ሃውል፣ ባደረገችው ልገሳ ጭምር ነው።

ለሴቶቹ ይሰጥ የነበረው መድኃኒትም ታሪክ ሌላ ጉድ አለበት። ብዙ ዕንቁላል እንዲበስል የሚረዳው ሆርሞን በዚያ ዘመን የሚገኘው የወር አበባቸው ከቆመ ሴቶች ሽንት ነበር። ሮም የሚገኘው የሴሮኖ ኩባንያ ኬሚስት ፒዬሮ ዶኒኒ ሆርሞኑን አውጥቶ ነበር፤ የሚፈልገው ሰው ግን አልተገኘም። ብሩኖ ሉነንፌልድ የተባለ ወጣት ሐኪም በ1950ዎቹ ኩባንያውን ለማሳመን ሲጣጣር ትልቁ ጥያቄ በየቀኑ ሽንታቸውን የሚሰጡ፣ ነፍሰ ጡር ሊሆኑ የማይችሉ ብዙ አሮጊቶች ከየት ይገኛሉ የሚል ነበር። መልሱ ከገዳም መጣ። ቫቲካን በኩባንያው ውስጥ ድርሻ ነበራትና፣ በየመጦሪያ ቤቱ ያሉ አረጋውያን መነኮሳይያት ሽንታቸው እንዲሰበሰብ ተስማማች። በዚህ መድኃኒት የመጀመሪያው ልጅ የተወለደው በ1962 በእስራኤል በቴል ሃሾሜር ሆስፒታል ነው። ልጅ ላለመውለድ የተሳሉ እናቶች ስንት ማኅፀን እንዲከፈት ረዱ።

ኦልድሃምም መጀመሪያ ላይ የተጠቀመው ይህን ሆርሞን ነው። ዕንቁላል ተገኘ፤ ጽንስም ተገኘ። ወደ ማኅፀን ሲመለስ ግን አይይዝም። ሴቶቹ ለሁለት ሳምንት በተስፋ ይቆዩና የወር አበባቸው ይመጣል። በዓመታት ውስጥ እየተገለጠ የመጣው ነገር መድኃኒቱ ራሱ የማኅፀኑን ጊዜ እያዛባው መሆኑ ነው። እርግዝናውን ይደግፋል ተብሎ ይሰጥ የነበረው ሌላ መድኃኒት፣ ፕሪሞሉት፣ ይባስ ብሎ ጽንሱ እንዳይቀመጥ ያደርግ እንደነበር ኤድዋርድስ ኋላ ደመደመ። በእነዚያ ዓመታት የመጡት ሴቶች ሊሳካ በማይችል መንገድ እየተሞከረላቸው ነበር ማለት ነው። ያን ማንም አያውቅም ነበር፤ የታወቀውም በእነሱ አካል ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ያረገዘች ሴት ደግሞ ጽንሱ ከማኅፀን ውጭ በቱቦዋ ውስጥ ሆነባትና መውጣት ነበረበት። ተስፋና ሐዘን በአንድ ላይ መጡ።

በ1977 ኤድዋርድስና ጓደኞቹ መድኃኒቱን ተዉትና ወደ ተፈጥሮ ዑደት ተመለሱ። ይህ ማለት በወር አንድ ዕንቁላል ብቻ፣ ሰዓቱንም አካሉ የሚወስነው ነው። ሰዓቱን ለማወቅ ሴቲቱ ሆስፒታል ተኝታ በየሦስት ሰዓቱ፣ ቀንም ሌሊትም፣ ሽንቷን ትሰጣለች፤ ከጃፓን በመጣ መመርመሪያ ሆርሞኑ የጨመረበት ሰዓት ይያዛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢሆን ቀዶ ጥገናው የሚደረገው በዚያው ስሌት ነው።

ሌዝሊ ብራውን ከብሪስቶል የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ባሏ ጆን የባቡር ሠራተኛ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ፈልገው አላገኙም፤ የማኅፀን ቱቦዎቿ ተዘግተው ነበር። ኖቬምበር 10 ቀን 1977 ስቴፕቶ ከአንዲት ከረጢት አንድ ዕንቁላል አወጣ። ጽንሱ መከፈል መጀመሩን መጀመሪያ ያየችው ፐርዲ ነች። ከሁለት ቀን ተኩል በኋላ፣ ስምንት ሕዋስ ሲሆን፣ ወደ ሌዝሊ ማኅፀን ተመለሰ።

አንድ የሚከብድ ነገር አለ። ሌዝሊ ኋላ እንደተናገረችው፣ ከእሷ በፊት በዚህ መንገድ ማንም እንዳልወለደ አላወቀችም፤ ልጆች አስቀድመው የተወለዱ መስሏት ነበር። ዛሬ አንድ ታካሚ ከመፈረሙ በፊት ይህ በግልጽ ሊነገረው ግድ ነው። የኦልድሃም ሰዎች ቸርነትም ሆነ ድካም ይህን ጥያቄ አያስቀረውም። የእነዚያ ሴቶች ድርሻ ከፍ ብሎ መጻፍ ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው። የሰጡት፣ ሲሰጡ ካወቁት በላይ ነበር።

እርግዝናው ሲሰማ የዓለም ጋዜጠኞች ኦልድሃምን ወረሯት። ጁላይ 25 ቀን 1978፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ቀን 1970፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ላይ ሉዊዝ ብራውን በቀዶ ጥገና ተወለደች። 2.6 ኪሎ ግራም ትመዝን ነበር። ቀዶ ጥገናው በፊልም ተቀረጸ፤ ስቴፕቶም ቀደም ብለው በቀዶ ጥገና የወጡት የሌዝሊ ቱቦዎች በቦታቸው እንደሌሉ በካሜራ ፊት አሳየ። ማጭበርበር ነው የሚል እንደሚኖር ያውቅ ነበር። ሕፃኗ አለቀሰች፤ ጣቶቿ ተቆጠሩ፤ ሙሉ ነበረች።

ብዙ የሃይማኖት ሰዎች ሲቃወሙ የቬኒሱ ካርዲናል አልቢኖ ሉቺያኒ ለሕፃኗ መልካም ምኞታቸውን ገልጸው ወላጆቿን ለመኰነን እንደማይደፍሩ ተናገሩ። ከሕፃኗ ልደት አንድ ወር ገደማ በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሆነው ተመረጡ። በሕንድ ካልካታ ደግሞ ሐኪሙ ሱባሽ ሙኮፓዳያይ ከሉዊዝ ሁለት ወር አለፍ ብሎ፣ ኦክቶበር 3 ቀን፣ በራሱ መንገድ ጽንስ አቀዝቅዞ አንዲት ልጅ እንድትወለድ አደረገ። የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ ውሸት ነው አለው፤ ሙያው ወዳልሆነ የዓይን ሕክምና ተቋም ተዛወረ። በ1981 ራሱን አጠፋ። እውነተኛነቱ የተመሰከረለት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሌላ ሕንዳዊ ሳይንቲስት ማስታወሻዎቹን መርምሮ ነው።

ስቴፕቶ በ65 ዓመቱ ከመንግሥት ሆስፒታል ጡረታ ሲወጣ ኦልድሃም ውስጥ ሥራው አበቃ። በካምብሪጅ አጠገብ ቦርን ሆል የተባለውን አሮጌ መኖሪያ ፈልጋ ያገኘችው ፐርዲ ናት። በ1980 በዓለም የመጀመሪያው የዚህ ሕክምና ክሊኒክ ሆኖ ተከፈተ፤ የቴክኒክ ኃላፊዋም እሷ ሆነች። በዚያው ሰሞን የኦልድሃም ጤና ባለሥልጣን የመታሰቢያ ሰሌዳ ሊሰቅል ሲያስብ ኤድዋርድስ ደብዳቤ ጻፈ። ፐርዲ አሥር ዓመት አብራው ወደ ኦልድሃም እንደተመላለሰችና ከእሱም ከስቴፕቶም እኩል እንደሆነች ገልጾ ስሟ እንዲገባ ለመነ። አልገባም። ፐርዲ በ1985 በካንሰር ሞተች፤ 39 ዓመቷ ነበር። በሥራ ዘመኗ በዚህ ሕክምና የተፀነሱት ልጆች 370 ናቸው። ስቴፕቶም በ1988 አረፈ። ኖቤል ለሞተ ሰው አይሰጥምና በ2010 ሽልማቱን ብቻውን የወሰደው ኤድዋርድስ ነው። የፐርዲ ስም ከሁለቱ ጋር ኦልድሃም ላይ በሰሌዳ የተጻፈው በ2015 ነው። የኤድዋርድስ ደብዳቤዎች ለሕዝብ የተገለጡት ደግሞ በ2019።

ሌዝሊ ብራውን ያጋጠማት የቱቦ መዘጋት በአፍሪካ ዋናው የመካንነት ምክንያት ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በወቅቱ ካልታከመ የአባላዘር በሽታ ወይም ከወሊድና ከውርጃ በኋላ ከሚደርስ ኢንፌክሽን ነው። ሌዝሊ ያገኘችው ሕክምና መጀመሪያ የታሰበው ለእንዲህ ያለች ሴት ነበር፤ ችግሩ በበዛበት አህጉር ግን የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የመካንነት ሕክምና ማዕከሉን የከፈተው ሉዊዝ ከተወለደች 40 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ አቅሙ ያለው ወደ ውጭ አገር ይሄድ ነበር። አቅም የሌላት ጸበልና ስለት ነበራት፤ ለቁልቢ ገብርኤል ተስላ ልጇን ታቅፋ የምትሄድ እናት ደስታ የሚናቅ አይደለም፤ ያልተሰማላትስ የት ትሂድ?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት ከስድስት አዋቂ አንዱ በሕይወቱ ዘመን ልጅ የመውለድ ችግር ይገጥመዋል። ወንዱም ሴቷም። የወንድ ዘር ሲደክም አንዲቱን ዘር በረቂቅ መርፌ ወደ ዕንቁላሉ የማስገባት ዘዴ የመጀመሪያውን ልጅ ያስገኘው በ1992 በብራስልስ ነው፤ ከኦልድሃም 14 ዓመት ዘግይቶ። ዛሬ የትኛውም የመካንነት ክሊኒክ ሥራውን ሲጀምር ከሚያዛቸው የመጀመሪያ ምርመራዎች አንዱ የባል ዘር ምርመራ ነው። ከሁሉም የሚቀለው፣ ሆድ የማይበጣበት፣ ማደንዘዣ የማያስፈልገው፣ በዚያው ቀን ውጤቱ ሊታወቅ የሚችለው እሱ ነው። እስከ ዛሬም ሚስቱን ብቻዋን ወደ ሐኪም የሚልክ ባል አለ።